ያለቀችው ፊደል

እህቴ የልምምድ ፈተናውን ጨርሳ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችውና «እንዳትራራልኝ» አለችኝ። አልራራሁላትም። ከሃምሳ ሃያ አንድ አገኘች።

ማለፊያው ሠላሳ አምስት ነው። የትምህርት ቢሮው ዲግሪ የሌላቸው የእንግሊዝኛ መምህራን በሙሉ እንዲፈተኑ ያዘዘው ከሁለት ወር በፊት ነበር። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። ሁለቱን እህቴ ዓይኗን ጨፍና ትሠራቸዋለች። ሦስተኛው የተለመዱ አነጋገሮችን እየደረደረ፣ በውስጣቸው ያለው ስም በነጠላ ነው ወይስ በብዙ ቁጥር የሚነገረው እያለ ይጠይቃል፤ የልምምዱ ወረቀት የዚህኛው ክፍል ነው። በአንዱ ክፍል የወደቀ ከማስተማር ይነሳል፤ ደብዳቤው እንደሚለው «በሌላ የሥራ መደብ ይመደባል»። ሌላው የሥራ መደብ ምን እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የመጻሕፍት መጋዘኑ ነው። መስኮት የለውም። እህቴ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። ክፍል ስትገባ ድምፅዋ ከፍ ይላል፣ ስትወጣ ይመለሳል። መጋዘን ውስጥ ያን ድምፅ ለማን እንደምታወጣው አላውቅም።

ፈተናው ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

«የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አለች።

ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ከሃያ ዘጠኙ ስህተት ሃያ ሰባቱ አንድ ዓይነት ነው። እንግሊዞቹ ስሙን ለማብዛት መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል፣ ያቺን እንደ እባብ የምትጠማዘዘውን «ኤስ»፣ በሚቀጥሉበት ቦታ ሁሉ እህቴ ትታታለች። መጨባበጥን «ሼክ ሃንድስ» ይሉታል፤ እሷ «ሼክ ሃንድ» ብላለች። መልካም ምኞት ለመግለጽ «ቤስት ዊሽስ» ይላሉ፤ እሷ «ቤስት ዊሽ»። መወዳጀት «ሜክ ፍሬንድስ» ነው፤ እሷ አንድ ወዳጅ በቅቷታል። በግምት የሚሳሳት ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ነው። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሳሳት ግን ያስተማረው ሰው አለ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው እታለም?»

«ከየት አመጣዋለሁ? ከአባባ መጽሐፍ ነዋ!»

አባቴ በአንድ የመርከብ ጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበሩ። የውጭ አገር አለቆቻቸው ሲናገሩ እየሰሙ፣ ያልገባቸውን እየጠየቁ፣ የእንግሊዝኛ አነጋገሮችን በደብተር ሰበሰቡ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ደብተሩ አርባ ስምንት ገጽ ያላት፣ ሽፋኗ ሰማያዊ መጽሐፍ ሆነ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የእኛው ትርጉም። በከተማችን እንግሊዝኛ አውቃለሁ የሚል ሰው በዚያች መጽሐፍ ያላለፈ የለም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ሁሉ «ዊዝ ማይ ቤስት ዊሽ» ብሎ ይዘጋል፤ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይም እንግዳውን ሲሸኝ በአንድ ምኞት ነው።

እኔም የተማርኩት ከዚያችው ነው። ውጭ አገር በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት የክፍል ጓደኞቼ ሲስቁብኝ የጎደለውን አንድ በአንድ ቀጠልኩ። ማን እንዳጎደለው ግን ጠይቄ አላውቅም፤ የራሴ ስንፍና መስሎኝ ነበር። የመጽሐፏ ነው ብሎ ማሰብ አባቴን መጠርጠር ነው። በሌላ ነገር ሁሉ እጠረጥራቸው ስለነበር፣ እንግሊዝኛቸውን እንኳ ማመን ፈልጌ ይሆናል።

በማግስቱ ከመዝገበ ቃላት እያወጣሁ ዝርዝር ሠራሁላት። በሁለት ቀን ሸመደደችው። እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት።

ነገር ግን እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ልክ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አባቴ ይጠይቋታል። ለፈተናው ብለው የጀመሩት ነው። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና መጽሐፏን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ፤ እሷ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊታቸው ትቆማለች። የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት።

«መጨባበጥ?» አሉ።

«ሼክ ሃንድስ።»

«ምን አልሽ?»

«ሃንድስ፣ አባባ።»

አባቴ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ገልበጥ አድርገው አዩት። «አንቺ ሰው ስትጨብጪ ስንት እጅ ነው የምታወጪው?»

«አንድ።»

«ታዲያ ሁለተኛው ከየት መጣ?»

«ከሚጨበጠው ሰውዬ» አልኩ እኔ ካለሁበት።

«አንተን ማን ጠየቀህ ፈረንጁ? አንተ የሄድከው ምህንድስና ልትማር ነው። እሱንም ሁለት ጊዜ ቀየርከው።»

«መዝገበ ቃላቱ እንደዚህ ነው የሚለው አባባ» አለች እህቴ።

«መዝገበ ቃላትን የሚያሳትመው ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል።» መጽሐፏን በጣታቸው መታ መታ አደረጓት። «ይቺ ግን ታርማለች። እኔም መጀመሪያ ስጽፍ እንዳንተ ያን የኤስ ጭራ በየቦታው እየቀጠልኩ ነበር። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነው አንድ በአንድ ቆርጦ ያስተማረኝ። ሳየው ገባኝ። እኛስ ብንሆን? አምስት በግ ነው የምንለው፣ አምስት በጎች እያለ የሚለፋ ማን አለ? በእኛ አገር የሚበዛው የሚከበር ሰው ነው፤ "መጡ፣ ሄዱ" እንላለን ለአንድ ሰው። ዕቃ ምን በወጣው ይበዛል?»

«እንግሊዝኛ እኮ ነው አባባ፣ የእኛ ቋንቋ አይደለም።»

«እንግሊዞችም አስተዋይ ናቸው። በይ፤ መጨባበጥ?»

እህቴ ወደ እኔ አየች፣ ወደሳቸው አየች። «ሼክ ሃንድ» አለች።

«ጎበዝ።»

እንዲህ ሆነ። ጠዋት በእኔ ዝርዝር ትሸመድዳለች፣ ከሰዓት በኋላ በአባቴ ትፈርሳለች። በአራተኛው ቀን ሁለተኛ የልምምድ ፈተና ሰጠኋት። ከሃምሳ ሃያ አገኘች፤ ከመጀመሪያው ባነሰ። አሁን ደግሞ በማያስፈልገው ቦታ ሁሉ ጭራ ትቀጥላለች፣ በሚያስፈልገው ቦታ ትቆርጣለች። ከሁለት ያጣ ሆነች።

«እሳቸው ሲጠይቁሽ ደስ የሚላቸውን በይ፣ ፈተናው ላይ ትክክለኛውን ጻፊ» አልኳት።

«አንተ ትችላለህ እንደዚህ?»

«እችላለሁ።»

«እኔ አልችልም። አባባ የነገሩኝ ነገር አፌ ውስጥ ነው ያለው፤ ያንተ ወረቀት ላይ ነው። ፈተናው ላይ ስደነግጥ የሚመጣልኝ የአፌ ነው።» ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እሳቸው ራሳቸው ካላሉኝ አይሆንልኝም። ደግሞ አይሉኝም።»

ሰባት ቀን ቀርቷል። አባቴን የሚያሳምን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አራሚው። በሕይወት ካለ አግኝቼው፣ ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፉ ላወጣ ቆርጬ ተነሳሁ።

የድሮው ማተሚያ ቤት አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከጀርባው ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ጋሽ ለቃሚ ይኖራሉ። ቀድሞ ጽሑፍ የሚታተመው ከእርሳስ የተሠሩ ፊደላት አንድ በአንድ ከሳጥን እየተለቀሙና እየተደረደሩ ነበር፤ ያን የሚሠራ ሰው ፊደል ለቃሚ ይባላል። እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት ለቅመዋል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ካለ አልሰማሁም። አንድ የፊደል ሳጥን ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በትንንሾቹ ክፍልፋዮች ውስጥ አሁን ያሉት አዝራር፣ ብሎን፣ መርፌና የሰዓት ባትሪ ናቸው። እያወሩ፣ ሳያዩ እጃቸውን ይሰዱና የፈለጉትን ይዘው ይመለሳሉ። ስደርስ ሸሚዝ እየሰፉ ነበር።

«ጋሼ፣ የአባባን መጽሐፍ ያረመው ሰው ማን ነበር?»

እጃቸው ሳጥኑ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ተገኘ እንዴ?»

«ማን?»

«አራሚው።»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት።»

«እህ» አሉና ተቀመጡ። «አባትህ ናቸው የላኩህ?»

«አይደሉም። እህቴን ከክፍል ሊያስወጧት ነው።» ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ፈተናውን፣ ሃያ አንዱን፣ መጋዘኑን፣ የዐሥራ አንድ ሰዓቱን ጥያቄ። እየሰሙ ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ጣታቸው ጫፉ ነጭ እስኪሆን።

«አራሚ አልነበረንም» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት?»

«እንዴት ምን አለው? አልነበረንም። ባለቤቱ፣ ማሽኒስቱና እኔ። ሦስት ነበርን። አራሚ የሚቀመጥበት ወንበርም አልነበረንም።»

«ታዲያ ጭራዎቹን ማን ቆረጣቸው?»

ጋሽ ለቃሚ ተነሡና በሩን ዘጉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ይሰማል።

«ስማ። አንድ መጽሐፍ ስምንት ስምንት ገጽ እየሆነ ነው ማሽን ላይ የሚወጣው። ስምንቱም ገጽ በአንዴ ተለቅሞ ይታሰራል፤ ታትሞ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ፊደል አትፈታም። የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ ያለን ትንሽ ነው፤ ለንግድ ካርድና ለማስታወቂያ ተብሎ የተገዛ። አባትህ መጽሐፉን አመጡ። ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች ረቂቁን ቆጠርኩት፤ ያቺ የምትጠማዘዘዋ ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ጊዜ ትመጣለች። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው መቶ ስልሳ ሦስት ናት። የሁለቱ አናት ተፈንክቷል።»

«ለባለቤቱ አልነገሩትም?»

«ነገርኩት እንጂ! ከውጭ ታዟል፣ ይመጣል አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። ሥራውን ካልጨረስክ ሂድ አለኝ። እኔ ደግሞ የምሄድበት አልነበረኝም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እንግሊዝኛ አልችልም። ግን ለቃሚ ያያል። ያቺ ፊደል መካከል ላይ ካለች ስትነቅላት ቃሉ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ካለች ግን ያው ቃል ያለሷም ሌላ ገጽ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። በግ ጭራዋ ቢቆረጥ በግነቷን አትለቅም ብዬ ... ቆረጥኩ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ቆጠብኩ፣ ካልቆጠብኩ ስድስተኛው ገጽ ላይ ባዶዬን ነው የምቀረው። ሁለት ፊደል ብቻ ያለውን ቃል ግን አልነካሁም። ይኼን ያህል ጨካኝ አይደለሁም።»

«አባባ ለማረም ሲመጣላቸውስ?»

«እኔ ነኝ ይዤላቸው የሄድኩት። ሦስት ቀን አቆዩት። ሲመልሱት ሁለት ነጠላ ሰረዝ ብቻ አስተካክለው፣ ከታች "አራሚያችሁን ከልብ አመስግኑልኝ" ብለው ጽፈዋል።»

«እና?»

«እናማ ምስጋናውን ወሰድኩት። ምን ላድርግ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ከአልጋው ሥር የካርቶን ሳጥን ጎተቱ። ሽቦ ላይ እንደተሰካ፣ ጥጉ እንደዛገ፣ የአባቴ ረቂቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያቆዩት ብጥለው ሰው ያገኘዋል ብለው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። በአባቴ ቀጥ ያለ የደብዳቤ ጸሐፊ እጅ፣ ጭራዎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ሃንድስ። ዊሽስ። ፍሬንድስ። አልፌ አልፌ እያየሁ አንድ የተሳሳተ ያገኘሁ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ «በተራ» ለሚለው «ኢን ተርን» ብለው ጽፈዋል፣ ያለ ጭራ። እኔ ለእህቴ በሠራሁት ዝርዝር ከአፌ እንደመጣልኝ «ኢን ተርንስ» ብዬ ነበር፤ ይኼን መዝገበ ቃላት ውስጥ አላየሁትም። እዚያው ስልኬን አውጥቼ አየሁ። አባቴ ልክ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት በቋንቋው የኖርኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

«መጥተው ይንገሩልን ጋሼ» አልኳቸው።

«ረቂቁን ውሰደው።»

«ረቂቁን ካሳየኋቸው "ይኼ የጀማሪነት ስህተቴ ነው" ነው የሚሉኝ። አራሚ አለመኖሩን ከእርስዎ አፍ መስማት አለባቸው።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ መንገድ ላይ አባትህን ሳይ መንገድ የምሻገር ሰው ነኝ።»

«እህቴ ልጅዎን አስተምራለች?»

ሁለቱንም ልጆቻቸውን አስተምራለች። ሸሚዛቸውን ለበሱ፤ አንድ አዝራር ጎድሎታል።

እቤት ስንደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። አባቴ መስኮቱ አጠገብ፣ እህቴ ፊታቸው ቆማ። ጋሽ ለቃሚን ሲያዩ አባቴ ከልባቸው ደስ አላቸው።

«አንተ ሰው! አለህ እንዴ? ግባ እንጂ፣ ግባ! ወንበር አምጡለት።»

«አልቀመጥም ጋሼ። ቆሜ ልናገረው።»

«ምኑን?»

«አራሚው ... አራሚ አልነበረም።»

«የቱ አራሚ?»

«የመጽሐፉ። ፊደሏ አልቃብን ነበር ጋሼ። መቶ ስልሳ ሦስት ብቻ ነበረች። ከየቃሉ መጨረሻ የቆረጥኳት እኔ ነኝ።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ የሽቦው ዝገት የጠረጴዛውን ልብስ ነካው።

«አራሚ አልነበረም» አሉ አባቴ።

«አልነበረም።»

«ታዲያ እኔ ያመሰገንኩት ማንን ነው?»

«እኔን።»

«አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ?»

«ኧረ የለም ጋሼ።»

አባቴ ረቂቁን ወደ ራሳቸው ስበው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ማንበብ ጀመሩ። አንዱን ገጽ ጨርሰው ሌላውን ገለጡ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። «ይኼ ልክ ነው?» አሉኝ። ስለምንም ነገር አስተያየቴን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«ልክ ነው አባባ። ሁሉም።»

«ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። «በየቀኑ "ቤስት ዊሽ" እያልኩ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ከመፈረማቸው በፊት በብዕር ጭራ ይጨምራሉ። በየቀኑ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እኚህ ሰው ትምህርት አልገፉም እል ነበር።»

ጋሽ ለቃሚ ሳያስቡት ሳቁ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

«ሳቅ» አሉ አባቴ። «ምን ቸገረህ? በሰው ጭራ።»

«አባባ» አለች እህቴ፤ ድምፅዋ የክፍል ውስጡ ነበር። «ፈተናው ስድስት ቀን ነው የቀረው። ከነገ ጀምሮ ሲጠይቁኝ በረቂቁ ይጠይቁኝ።»

«ከተማው ሙሉ በመጽሐፉ ነው የሚናገረው።»

«ከተማውን አይደለም የሚፈትኑት። እኔን ነው።»

አባቴ ረቂቁን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ተነሡ። መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፉ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አልወጡም። ምግብ በር ላይ እናስቀምጣለን፤ ሳህኑ ባዶውን ይወጣል። እህቴ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በዐሥራ አንድ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ወንበሩ ባዶ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ ጫማዋን አወለቀች። «በቃ፣ መጋዘኑ ውስጥ አምፖል ያስገቡልኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ» አለች። ቀልድ ነበር፤ ግን መልስ እየጠበቀች አየችኝ። እኔ የሻንጣዬን ዚፕ እከፍትና እዘጋ ነበር። ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኛል፤ የዕቃዬን ግማሽ አላወጣሁትም። ሰው መርዳት ሲያቅተኝ የመሄድ ሐሳብ ይመጣብኛል።

ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ጋሽ ለቃሚ ናቸው፤ የተላጩ፣ አዝራራቸው የተተከለ።

«በስልክ ጠርተውኛል» አሉ።

«ማን?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ ከኋላዬ። ለብሰው፣ ከረባት አስረው ወጥተዋል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ያን ጊዜ ያልሠራነውን ሥራ እንሠራዋለን። አንቺ፣ ቀይ እስክሪብቶ አለሽ?»

የመምህር ቤት ቀይ እስክሪብቶ አያጣም።

በማተሚያ ቤቶች የማረሚያው ሥርዓት እንደዚህ ነው፤ አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን በጣቱ እየተከተለ ያያል። ለአባቴ መጽሐፍ ይኼ አልተደረገም፤ የሚያነብም የሚከተልም ሰው አልነበረም። አሁን አባቴ ረቂቁን ይዘው ያነባሉ። ጋሽ ለቃሚ መጽሐፏን ይዘው ፊደል በፊደል ይከተላሉ፤ ቋንቋውን ባያውቁትም የፊደሏን ቅርጽ ያውቁታል።

«ቴክ ፔይንስ» አሉ አባቴ። «ተጠንቅቆ መሥራት። በጥንቃቄ መድከም።»

«እዚህ ጋ የለችም» አሉ ጋሽ ለቃሚ።

እህቴ በቀዩ ቀጠለቻት፤ እየጻፈች ጮክ ብላ ደገመችው። «ፔይንስ።»

«እንደገና።»

«ቴክ ፔይንስ።»

«አፕስ ኤንድ ዳውንስ። ውጣ ውረድ።»

«ሁለቱም የሉም።»

«ሁለቱንም?» አሉ አባቴ።

«ገጹ ከባድ ነበር ጋሼ። ከሱ በላይ ያለው አንቀጽ ሙልጭ አድርጎ በልቶብኝ ነው።»

«ውጣ ውረድን ያለ ጭራ ያስቀረህ አንተ ነህ።»

«ኑሮዬም እንደዚያው ነው።»

በቀን ዐሥራ ሁለት ገጽ አደረጉ። እሑድ ሙሉ ቀን፣ ሰኞና ማክሰኞ እህቴ ከመጣች በኋላ። አንዳንዴ ይጣላሉ። አባቴ ያነባሉ፣ ጋሽ ለቃሚ «ይቺማ አለች!» ብለው እንደ ልጅ ይኮራሉ። አንዴ አባቴ «ኢን ተርን» ሲሉ እህቴ ቀና ብላ «ወንድሜ ግን ኢን ተርንስ ብሏል» አለች።

«ወንድምሽ ምን ያውቃል?»

ይከላከሉልኝ ብዬ ወደ ጋሽ ለቃሚ አየሁ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው «እዚህ እኔም አልቆረጥኩም፣ የሚቆረጥ አልነበረም» አሉ። ዝርዝሬን ከእህቴ ቦርሳ አውጥቼ ቀደድኩት፤ ማንም አላየኝም።

ማክሰኞ የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ አባቴ መጽሐፏን ተቀብለው አገላበጡ። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆናለች፤ አንድ ጎበዝ ያልሆነ ተማሪ የጻፋት ትመስል ነበር። «አራት መቶ ዐሥራ ሰባት» አሉ ጋሽ ለቃሚ፤ ሲቀጠል ሲቆጥሩ ኖረዋል። አባቴ መጽሐፏን ለእህቴ ሰጧት፤ ከረባታቸውን ፈቱ።

ፈተናው ረቡዕ በትምህርት ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ተሰጠ። ከግቢው ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አባቴ ቤት ሆነው በየሩብ ሰዓቱ ይደውላሉ። «ወጣች?» «አልወጣችም።» «የቱ ክፍል ላይ ናቸው?» «አባባ፣ እኔ ውጭ ነኝ።» ስትወጣ ፊቷ አይነበብም ነበር። ስለሦስተኛው ክፍል ስጠይቃት «የአባባን ድምፅ ነበር የምሰማው» አለች። «እየሰማሁ ጻፍኩ። የጋሽ ለቃሚም ይመጣብኛል፤ "እዚህ ጋ የለችም" የሚለው። እሱ ሲመጣብኝ እጨምራለሁ።»

ከፈተናው በኋላ ባሉት ቀናት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ማንንም አልጠየቀም። እህቴ ስትመጣ በቀጥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አባቴ ራዲዮ ይከፍታሉ። በትምህርት ቤቱ የመጋዘኑ በር ተጠርጎና ተቀብቶ እንዳየች አንድ ቀን ነገረችኝ፤ ለማን እንደሆነ አልተነገረም።

ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ጠዋት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እህቴ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት መጣች፤ በምሳ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ሁለተኛው ፈረቃ ሊጀመር ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ፤ ራዲዮውን ዘጉት።

«ሦስተኛው ክፍል ስንት ሆነ?» አሉ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«ማለፊያው?»

«ሠላሳ አምስት ነው አባባ። አልፌያለሁ። ከክፍሌ አልወጣም።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ዓይናቸው ላይ ነበር።

«ዐሥራ አራቱስ?»

«የቱ ዐሥራ አራት?»

«የጎደለው። በረቂቁ ሁሉም አለ፤ አንድም አልጎደለም። ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ። ዐሥራ አራቱን ከየት አመጣሽው?»

እህቴ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ዓመታት አልፈዋል።

«እነሱ የማንም አይደሉም አባባ። እነሱን የተሳሳትኩት እኔው ራሴ ነኝ።»

«እስቲ የትኞቹ ናቸው? ንገሪኝ። እንያቸው። ወረቀት አምጣ አንተ።»

«አላውቃቸውም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የለጠፉት። ደወሉ ሊደወል ነው።»

ቆማ ሁለት ጉርሻ ያህል በላች። ቦርሳዋን አነሳች። አባቴ ረቂቁን ከመሳቢያው አውጥተው፣ የትኞቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከገጽ አንድ ጀምረው እየፈለጉ ነበር። እኔ እስከ በር ሸኘኋት። መንገዱን ተሻግራ ወደ ትምህርት ቤቱ ፈጠን ፈጠን እያለች ስትሄድ፣ አንዲት ተማሪ ደረሰችባትና የሆነ ነገር ጠየቀቻት፤ እህቴ ስትመልስላት ድምፅዋ ገና ግቢው ሳትገባ ከፍ ብሎ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።